የሁለት ሸንቆዎች መስታወት

በ2104 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አገሪቱ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ክልሎች ነበሯት። ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ሦስት ማኅተም ተመትቶበት፣ ያፌት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ያፌት ከረጢቱን በጣቱ ገፋ አደረገው። ውስጡ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ቢጫ ልበል አልበል የምትል፣ ለብርሃን ሲያሳዩዋት ጥቃቅን አረፋ ያረገዘች መስታወት አለች። ከጎኗ አሥራ አንድ ገጽ ደብዳቤ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር አንድ መስመር ነው፦ «ይህ የታች ሸንቆ መስታወት ከላይ ሸንቆ መስታወት ፍጹም የተለየ መሆኑ ተረጋግጦ ክልልነታችን ይታወጅልን።» የቀረው አሥር ገጽ ተኩል ሰላምታ ነው።

ክልል ለመሆን ሰባት መስፈርት መሟላት አለበት። ባንዲራ፣ መዝሙር፣ ከጎረቤት ቢያንስ በሰባት ደቂቃ የሚለይ የራስ ሰዓት፣ ሌላም ሌላም። እነዚህን ማንም ሰነፍ በአንድ ክረምት ይጨርሳቸዋል። ወገብ የሚቆርጠው ሰባተኛው ነው፦ የራስ የሆነ የሰማይ መስታወት።

እዚህ የተደረሰው በብዙ ድካም ነው። መጀመሪያ መስፈርቱ ወንዝ ነበር፤ ወንዝ ግን ከላይኛው ጎረቤት እየፈሰሰ መጥቶ አስቸገረ። ቀጥሎ ጭፈራ ሆነ፤ እስክስታውን ማን ከማን እንደቀዳው ሲጣራ አራት ዓመት አለፈ፣ ከአጣሪው ኮሚቴ ግማሹ በወገብ ሕመም ጡረታ ወጣ። በመጨረሻ አንድ ብልህ ሰው እጁን አውጥቶ፣ «ከሰማይ የወረደ ነገር እኮ ጎረቤት ሰጠኝ አይባልም!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሕጉ በዚያው ሳምንት ወጣ።

ያፌት ያኔ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ትኩስ የጂኦሎጂ ምሩቅ ነበርና ለኮሚቴው አንድ ገጽ ማስታወሻ ላከ። ይህ ቴክታይት የሚባለው መስታወት፣ ሲል ጻፈ፣ ከሰማይ የመጣ አይደለም። ከሰማይ የሚመጣው መቺው አለት ነው። አለቱ ምድርን ሲመታ የተመታው አፈር ይቀልጣል፣ ወደ ላይ ይረጫል፣ አየር ላይ ቀዝቅዞ መስታወት ይሆናል፣ ከዚያ አርባና ሃምሳ ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ርቆ ይዘንባል። ስለዚህ መስታወቱ የዚሁ የምድር አፈር ነው፤ ያውም የሌላ ሰፈር አፈር። ኮሚቴው ስለ ሙያዊ አስተያየቱ በደብዳቤ አመሰገነው። ከብዙ ዓመታት በኋላም፣ ነገሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልተገኘ፣ ወርካ ከተማ በሚገኘው የሰማይ መስታወት ማነጻጸሪያ ጽሕፈት ቤት ቀጠረው።

ሥራው ራሱ አይከብድም። መስታወት ሲመጣ በመጀመሪያ ከጫፉ ሽራፊ ወስዶ በእሳት ይለበልበዋል። ባልጩት ከሆነ በሆዱ የደበቀው ውሃ ይፈላና እንደ ፈንዲሻ ይነፋል፤ ቴክታይት ግን ውሃ የሚባል ነገር ስለሌለው ዝም ብሎ ይቀልጣል። በዚህ ፈተና ዘጠኝ ክልሎች ወድቀዋል። አንዱማ ያመጣው አረንጓዴ መስታወት እሳት ገና ሲነካው እንደ ሰም ፈስሶ የቢራ ጠርሙስ ቂጥ ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን «አረንጓዴዋ የሰማይ ልጅ» የሚል መዝሙር ቀድሞ ተደርሶ፣ ተማሪው ሁሉ በቃሉ አጥንቶት ስለነበር፣ ጠርሙሱ «በልዩ ሁኔታ» ተመዘገበ።

እሳቱን ያለፈ ወደ ዘይት ይገባል። ያፌት የጉሎ ዘይትና የቅርንፉድ ዘይት በልክ በልኩ እየቀላቀለ በብርጭቆ ያሰልፋል። መስታወት ብርሃንን በሚያጥፍበት ልክ የሚያጥፍ ዘይት ውስጥ ሲገባ ከዓይን ይሰወራል፤ እዚያው ነው፣ ግን የለም። እያንዳንዱ የሚሰወርበት የራሱ ቅልቅል አለው። ሁለት መስታወት በአንድ ቅልቅል ውስጥ ከተሰወረ የአንድ አፈር ልጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የመሣሪያ ሥራ ይህንኑ በቁጥር መድገም ብቻ ነው።

ደንቡ ሦስተኛ መስታወትም ይጠይቃል፤ ገለልተኛ ናሙና የሚባል፣ ከውጭ አገር አፈር ተቀልጦ የተሠራ። ዘይቱ ያገኘውን ሁሉ እንደማይሰውር ማሳያ ነው። ያፌት በተቀጠረበት ዓመት የውጭ አፈር እንዲገዛለት ጠየቀ። ግዥ ክፍል ከሦስት አፈር አቅራቢዎች ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ አለው። በምድር ላይ አፈር አቅራቢ የሚባል ድርጅት ሦስት ቀርቶ አንድ ስላጣ፣ ከጥበቃው ቤት ጎን አንድ እፍኝ አፈር ዘግኖ፣ አቅልጦ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያው ሠራ። ጠያቂም አልመጣበት። የጥበቃው አፈር እስካሁን ሌላውን በሰወረ ዘይት ሁሉ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚህ በላይ ገለልተኛ ከየት ይመጣል?

አሁን ግን እጁ ከረጢቱን መክፈት አልቻለም። ታች ሸንቆ እናቱ የምትኖርበት ነው።

ሸንቆ በአንድ ወንዝ ለሁለት የተከፈለች አንዲት ክልል ናት፤ ከወርካ ጋር የጥየቃ ውል አላት። ስለዚህ ያፌት በዓመት ሁለት ጊዜ እናቱን መጠየቅ ይችላል። አዲስ የሚወለድ ክልል ግን ያለ ምንም ውል ነው የሚወለደው። የውል ወረፋው ዘጠኝ ዓመት ነው። እናቱ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው።

በማግሥቱ እሑድ የቀረችውን አንዲት የጥየቃ ፈቃዱን ይዞ ሄደ።

ከወርካ ሸንቆ አርባ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ወሰኑን ያሰመሩት ሰዎች መንገዱን ሳያዩ ስላሰመሩት፣ ሚኒባሱ ዘጠኝ ጊዜ ከወርካ ይወጣል፣ ስምንት ጊዜ ተመልሶ ይገባል። በእያንዳንዱ ኬላ ተሳፋሪው ሁሉ ምላሱን በመስኮት አውጥቶ ለማሽኑ ያሳያል፤ ማሽኑም ከማን ወገን እንደሆነ አይቶ ቀይ ወይም አረንጓዴ ያበራል። ከዚያ መዝሙር አለ። ለመዝሙር ቆሞ መዘመር ግዴታ ነው፤ የሚኒባስ ጣሪያ ግን ለዚህ አልተሠራም። አሥራ ሁለት ሰው አንገቱን ሰብሮ፣ ቂጡን ከጎረቤቱ ፊት ደቅኖ፣ «ሸንቆ ሆይ ቀና በይ» እያለ ይዘምራል።

«ይሄን ደግሞ ስንተኛ ጊዜ ዘመርነው?» አለች ከያፌት ጎን ያለች ሴትዮ፣ ሽንኩርቷን በጉልበቷ አቅፋ።

«ሰባተኛ።»

«አይ፣ እንግዲያው አሁን የወርካው ነው» ብላ፣ ድምጿን አጥርታ የወርካውን ጀመረች።

እናቱ፣ መንደሩ እማማ ሶልያና የሚላት፣ በሯ ላይ ጉልበቷን ይዛ ቆማ ጠበቀችው።

«ዘገየህ» አለችው።

«አልዘገየሁም እማዬ። በእኛ ሰዓት ገና አራት ነው።»

«በእኛ አራት ከአሥራ አራት ነው። አሥራ አራቱን ደቂቃ የት አደረስከው?»

ግቢው ውስጥ ዶሮዎች አፈር ይጭራሉ። በጫሩ ቁጥር አንድ ሁለት ቢጫ ስባሪ ብቅ ይላል፤ ታች ሸንቆ መስታወቱ እንደ በቆሎ ነው። ያፌት አንዱን ጎንበስ ብሎ ሊያነሣ ሲል እናቱ ጮኸች፦

«ተው! ክልክል ነው። ‘የሕዝብ ማንነት ነው፣ የነካ ይጠየቃል’ ብለዋል። ዶሮዎቹን ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውልኛል።»

«እንዴት አድርገው?»

«በጽሑፍ ነዋ።»

ምሳ ቀረበ። ሁለቱም ዙሪያውን ዞረው ዞረው ነገሩ ላይ ደረሱ።

«ክልል ከሆናችሁ» አላት፣ «እኔ ለዘጠኝ ዓመት መምጣት አልችልም።»

እናቱ በጣቷ ቆጠረች። «ዘጠና ይሆነኛል ማለት ነው። እንግዲያው ስትመጣ ጠንከር አድርገህ አንኳኳ፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።»

«እማዬ፣ ቀልድ አይደለም።»

«ማን ቀለደ? እኔ ልጅ ሆኜ በዚህ ጠጠር ቅልብልቦሽ ስንጫወት፣ የላይ ሸንቆ ልጆች ከማዶ ይወረውሩልናል፣ እኛ መልሰን እንወረውርላቸዋለን። ስንት ዘመን ሲወረወር የኖረ ጠጠር ነው። አሁን የኔ የተለየ ነው፣ ያንተ የተለየ ነው ሲባል እስቅና ሳቁ መሃል ላይ ይጠፋብኛል።» ሽምብራ ቆረጠመች። «የምታነጻጽረው አንተ አይደለህ? አንድ ነው በላቸዋ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ አልሆነም ትላለህ! ውሸታም ነው እንዴ የወለድኩት?» ሽምብራውን ወደ እሱ ገፋችው። ከዚያ ሳታየው፣ «ግን ደግመህ እየው» አለች።

ሰኞ ጠዋት ያፌት ከረጢቱን ከፈተ። የታች ሸንቆን ሽራፊ ለበለበው፤ አልነፋም፣ ቴክታይት ነው። የላይ ሸንቆን የተመዘገበ መስታወት ከመዝገብ ቤት አስወጣ፤ እሱ ከመቀጠሩ በፊት፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የገባ ነውና እስካሁን በእጁ ነክቶት አያውቅም። ሁለቱን ተራ በተራ ብርጭቆዎቹ ውስጥ ከተተ። በመጀመሪያው ታዩ። በሁለተኛው ታዩ። በአራተኛው፣ አምስት እጅ ጉሎ አንድ እጅ ቅርንፉድ ባለበት፣ ሁለቱም ጠፉ። ደግሞ አየ። ሦስት ጊዜ ደገመ። ከዚያ በሩን ዘግቶ፣ አርባ አራት ዓመት የሞላው ሰው፣ ብቻውን አጨበጨበ።

ገለልተኛውን ናሙና ዓርብ በይፋዊው ሥነ ሥርዓት ሊያስገባው ተወው። ስድስት ዓመት ያላሳፈረውን ዛሬ ምን ሊል ይፈትነዋል።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ኤዶም ወሬውን ስትሰማ መነጽሯን አወለቀች።

«አንድ ናቸው?»

«አንድ ናቸው።»

«ያፌት፣ ስማኝ። ታች ሸንቆ ልዩነት ይፈልጋል፤ ይሄ ግልጽ ነው። ላይ ሸንቆም ልዩነት ይፈልጋል። አንድ ናቸው ከተባለ ‘በዓለም ብቸኛው’ ተብሎ የተመዘገበው መስታወታቸው ዶሮ ከሚጭረው ጋር እኩል ሊሆን ነው። በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ሸንቆዎች በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ በመለያየት። አንተ ማነህ ስምምነት የምታደፈርሰው?»

«ልዩነት ከሌለስ?»

«ሁለት ድንጋይ ነው አይደል? በቃ አንዱ ሌላውን አይደለም። ይኸው ልዩነት። ጻፈው።»

«አልጽፈውም።»

ወይዘሮ ኤዶም መነጽሯን መልሳ አጠለቀች። «እናትህ እዚያ እንደሆነች አውቃለሁ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ባላውቅ ይሻል ነበር። ዓርብ በአደባባይ አድርገው፤ እኔ ምንም አልሰማሁም።»

ዓርብ የወርካ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። በቀኝ የላይ ሸንቆ ልዑክ፣ መሪው አቶ ኖላዊ፣ ሙሉ ልብሱ ላይ ቢጫ ሻርፕ። በግራ የታች ሸንቆ ልዑክ፣ መሪዋ ወይዘሮ ሃሴት፣ ቢጫ ሻርፕ፤ የሷ ግን ሌላ ቢጫ ነው ተብሏል። ፊት ለፊት የአስተናጋጇ የወርካ ክልል ቅርስ ኃላፊ አቶ ባሮክ ተቀምጦ፣ ገና በመጀመሪያው መዝሙር እንቅልፍ ወስዶታል። ወርካ ገለልተኛ የሆነችው በክልሏ ሁሉ አንዲት ስባሪ መስታወት ስለማይገኝ ነው፤ የጥንት ክልል ስለሆነች ሰባተኛው መስፈርት አይመለከታትም። ነገሩ አያገባውማ።

ብርጭቆው በትልቁ ስክሪን ላይ በርሜል አክሎ ታየ። ያፌት የላይ ሸንቆን መስታወት በመቆንጠጫ ይዞ ዘይቱ ውስጥ ከተተው። መስታወቱ ጠፋ።

«ድንጋያችን!» አቶ ኖላዊ ብድግ አለ። «ድንጋያችንን የት አደረስከው?»

«እዚሁ ነው።»

«እዚሁማ የለም! ዓይን አለን እኮ! ሰው በአደባባይ ይዘርፋል?»

ያፌት በመቆንጠጫው አወጣው። «ይኸው።»

«እንግዲህ መልሰህ እንዳታጠፋው!»

«መልሼ አጠፋዋለሁ አቶ ኖላዊ፤ ሥራው ይሄ ነው።»

በግራ በኩል ሳቅ ተሰማ። «የእኛ አይጠፋም» አለች ወይዘሮ ሃሴት። «የታች ሸንቆ መስታወት እንደ አንዳንዶቹ ጉሎ ዘይት ባየ ቁጥር የሚንበረከክ አይደለም።»

ያፌት የኖላዊን መልሶ ጣለ፤ የእሷንም ከተተው። ጠፋ። ሳቁም አብሮ።

«ሁለቱም በአንድ ዘይት ተሰውረዋል» አለ ያፌት። «አንድ አፈር ናቸው። ላይና ታች የሚባል መስታወት የለም።»

«አይደሉም!» አሉ ኖላዊና ሃሴት እኩል፤ እኩል መናገራቸውን ሲያውቁ ሁለቱም አፈሩ።

ሃሴት ቀድማ ነቃች። «ደንብ ቁጥር አሥራ ሁለት!» አለች ጣቷን ቀስራ። «ገለልተኛ ናሙና የታለ? ምናልባት ይሄ ዘይት ቢላዋም ብትከትበት ይሰውራል! ናሙናው ካልገባ ውጤቱ ይሰረዛል፤ ውጤቱ ከተሰረዘ ደግሞ ጥያቄያችን በዝምታ እንደጸደቀ ይቆጠራል!»

ያፌት በልቡ ሳማት። የመጨረሻዋን ምስማር ራሷ አቀበለችው። ከኪሱ ትንሿን ብልቃጥ አውጥቶ የጥበቃውን አፈር መስታወት ቆነጠጠ፤ ለካሜራው ቀኝና ግራ አሳየ፤ ዘይቱ ውስጥ ጣለው።

ጠፋ።

በስክሪኑ ላይ በርሜል የሚያህል ብርጭቆ ሙሉ፣ ምንም የለም።

ያፌት ጎንበስ ብሎ በባዶ ዓይኑ አየ። በመቆንጠጫው ሲያማስል ሦስት ነገር ከብርጭቆው ቂጥ ጋር ሲጋጭ ይሰማል፤ የሚታይ ግን አንድም የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቁልጭ ብሎ ሲታይ የኖረው፣ የሚመጡት መስታወቶች ሁሉ የሌላ ቦታ አፈር ስለነበሩ ነው። የሸንቆው መስታወት ግን የመጣው ከዚህ ነው። አለቱ የመታው ወርካን ነው። ወርካ ውስጥ አንዲት ስባሪ የማይገኘውም ለዚህ ነው፤ ያላትን ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ሸንቆ ወርውራዋለች።

«እ… ይቅርታ» አለ አንድ ድምፅ። አቶ ባሮክ ነቅቶ ኖሯል። «ይሄ ሦስተኛው የማን አፈር ነው?»

ያፌት ማለት የሚችለው ብዙ ነበር። ናሙናው ተሳስቷል ቢል ውጤቱ ይሰረዛል፣ ጥያቄው በዝምታ ይጸድቃል፣ እናቱም ሌላ ክልል ትሆንበታለች። ከውጭ አገር የመጣ ነው ቢል ደረሰኝ ይጠየቃል። እውነቱን ቢናገር ግን ሁለቱ ሸንቆዎች አንድ መሆናቸው ይጸናል፤ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንዳንዴ እውነትና ጥቅም በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ፤ ያፌት ከእንዲህ ዓይነቱ ዕድል ጋር ተገናኝቶ አያውቅም ነበርና ተደሰተ።

«ከጥበቃው ቤት ጎን የተዘገነ ነው» አለ። «የወርካ አፈር ነው።»

አቶ ባሮክ ቀስ ብሎ ተነሣ። ፊቱ ላይ፣ ዘመዱ በሞተ በሠላሳ ዓመቱ የውርስ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ደስታ ይነበብ ነበር።

«ስለዚህ» አለ፣ «የእኛ ነዋ!»

ከዚያ በኋላ የሆነው በሦስት ቀን ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የታች ሸንቆ ልዑክ ጥያቄውን አነሣ። ኖላዊና ሃሴት ወንዙ መሃል ላይ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሸንቆ ጥንትም አንድ፣ ዛሬም አንድ፣ ነገም አንድ ናት ተባለ፤ ሁለቱ ቢጫዎችም ሲታዩ አንድ ቢጫ ሆነው ተገኙ። ያፌት ዜናውን ቢሮው ውስጥ ሰምቶ ለእናቱ ደወለላት።

«አንድ ሆናችሁ!»

«ሰማሁ፤ ሰዉ ሁሉ እየተሳሳመ ነው። ጎረቤቴ እንኳ ሦስት ዓመት አኩርፋኝ ቆይታ አሁን ስማኝ ሄደች። ምን አድርገህብን ነው?»

ያፌት እስኪበቃው ሳቀ። ደስታው አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወርካ የተወረወረ ሀብት አስመላሽ ኮሚሽን አቋቋመች። መፈክሩ «አፈሩ የማን ነው?» የሚል ነው። ኮሚሽኑ አንድ ሕግ አወጣ፦ ማንኛውም ነገር አገሩ የተነሣበት ነው። ሸንቆ በሁለት ሰዓት ውስጥ መለሰች፦ ማንኛውም ነገር አገሩ የወደቀበት ነው። ከዚያም የጥየቃ ውሉን ቀደደች። እሑድ የመንገዱ ኬላዎች ሁሉ ተነሥተው፣ የወሰኑ ጠመዝማዛ ተስተካክሎ፣ አንድ ትልቅ የወርካ ኬላና አንድ ትልቅ የሸንቆ ኬላ ፊት ለፊት ቆሙ። በመካከላቸው ሁለት መቶ እርምጃ የሚሆን ሣር ቀረ፤ የማን እንደሆነ ለመወሰን ጊዜ አልነበረም።

ሰኞ የሁለቱም ወገን የሕግ ባለሙያዎች፣ ሥራ ወዳድ ስለሆኑ፣ «ማንኛውም ነገር» የሚለው ሰውንም ይጨምራል ሲሉ አብራሩ።

ወይዘሮ ኤዶም ያፌትን አስጠራችው። ጠረጴዛዋ ላይ የምስጋና ምስክር ወረቀት አለ፣ በፍሬም።

«የተነሣኸው ከየት ነው፣ ያፌት?»

«ታውቂያለሽ። ከሸንቆ።»

«እንግዲህ በወርካ ሕግ ሸንቆ ነህ።» ፍሬሙን ገፋችለት። «ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል አልልህም፤ የሠራነው ስድስት ነው። ግን ሃያ ዓመት ወርካ ኖረሃል፣ ያሳዝናል። ዘይቶቹን ትተህ ሂድ፤ ንብረት ናቸው።»

ያፌት አልተከፋም። እንዲያውም ሻንጣውን ሲያዘጋጅ አፏጨ። ሸንቆ ከሆነ ሸንቆ ነው፤ እናቱ ጋ ይኖራል። የወርካን ኬላ አልፎ፣ ሣሩን አቋርጦ፣ በሸንቆ ኬላ ምላሱን አወጣ። ማሽኑ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ላለፉት ሃያ ዓመታት ያረፉት የት ነው?» አለ ማሽኑ፣ በጨዋ የሸንቆ አነጋገር።

«ወርካ።»

«እንግዲያው የወደቁት ወርካ ነው። አገርዎ የወደቁበት ነው። ምላስዎን ማስገባት ይችላሉ። መልካም መንገድ።»

ተመልሶ ወደ ወርካ ኬላ ሄደ። የወርካው ማሽን ገና ከሩቅ ቀይ አበራ።

በዚያ ሳምንት ያፌት ያንን ሣር አሥራ ስድስት ጊዜ ተመላለሰበት። በሁለተኛው ሳምንት መመላለሱን ተወ፤ ሸራ ወጠረ። ብቻውን አልነበረም። ሸንቆ ተወልዳ ወርካ ያገባች፣ ወርካ ተወልዶ ሸንቆ ያስተማረ፣ ሁለቱም ኬላዎች ላይ ምላሱን አውጥቶ አውጥቶ የደከመው ሁሉ እዚያው ሰፈረ። ኅዳር ሲገባ ሠላሳ አንድ ሰው ሆኑ።

እናቱ በየቀኑ ትመጣለች። ሣሩ የማንም ስላልሆነ ፈቃድ የሚሰጥበት ወንበርም የለም፤ ሰው ዝም ብሎ ይገባበታል። ከቤቷ በባጃጅ ሩብ ሰዓት ነው። ሳህኑን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ የፕላስቲክ ወንበሯን በክንዷ አንጠልጥላ ትደርስና ከጎኑ ትቀመጣለች።

«በዓመት ሁለቴ ነበር የማይህ» አለችው አንድ ቀን። «አሁን በየቀኑ። ከዚህ በላይ ምን ልመኝ? ትንሽ ከስተሃል ብቻ።»

«ቤት የለኝም እማዬ።»

«ታዲያ አሁን ቤት ውስጥ ያሉት ምን አተረፉ?»

እየበሉ ሳለ አንድ ሰው ገመድ እየጎተተ መጣ። ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከሁለቱም ኬላ ተመልሶ የሰፈረ። ሰላምታው ረጅምና የተጣራ ነበር። ሲጨርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትናንት ማታ ከአንዳንድ ወንድሞች ጋር ስንመካከር ነበር» አለ። «ይኸውልህ፣ ወደ ወርካ ኬላ የተጠጉት ምሳቸውን በስድስት ሰዓት ይበላሉ። ወደ ሸንቆ የተጠጋነው ደግሞ በስድስት ከአሥራ አራት። አስተሳሰቡም ይለያል። ክፉ ነገር የለውም፣ መለያ ብቻ ነው። ገመዱ በዚህ በኩል ያልፋል።»

ገመዱን ዘረጋው። ገመዱ በያፌት ወንበርና በእናቱ ወንበር መካከል አለፈ፣ ሳህኑን ታክኮ።

እማማ ሶልያና ገመዱን አየችው። ቀያሹን አየችው። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፣ ወንበሯን አንሥታ ገመዱን ተራመደች፣ ልጇ አጠገብ ደግማ ተቀመጠች፣ ጉርሻም ጠቀለለች።

«እማማ» አለ ቀያሹ በትሕትና፣ «አሁን የተቀመጡት ማዶ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለችው፣ ጉርሻውን ያፌት አፍ ውስጥ እየጨመረች።

ቀያሹ ከደረት ኪሱ ደብተር አወጣ። አዲስ ደብተር ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ገና ባዶ ነበር። ሰዓቱን አየ፣ የትኛውን ሰዓት እንደሚጽፍ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አስተካክሎ ያዘ።

«ሙሉ ስምዎን ማን ልበል?» አለ።